ከጥቁር ሰሌዳው እስከ ምናለሽ ተራ

ቃላትም እንደ ሰው ዕድል አላቸው። አንዳንዱ ከክብሩ ይወርዳል፤ አንዳንዱ ደግሞ ከዝቅተኛ ኑሮ ተነሥቶ ለማዕረግ ይበቃል። «ዜጋ» ዕድለኛ ከሆኑት ቃላት አንዱ ነው። ዛሬ ቃሉን ስንሰማ የሚታየን መብትና ግዴታ ያለው፣ አንገቱን ቀና አድርጎ የሚሄድ የአገር ባለቤት ነው። በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የተጻፉ የጎጃም የመሬት ሰነዶች ግን ዜጋ የሚሉት የራሱ ርስት የሌለውን፣ በጌታው መሬት ላይ ተጠግቶ የሚኖረውን ሰው ነው። ጥገኛው ተነሥቶ የአገር ባለቤት እስኪባል ድረስ ቃሉ ረጅም መንገድ ተጉዟል። ሰውየውስ አብሮት ተጉዟል ወይ? ይህ ሌላ ጥያቄ ነው፤ የዛሬው ጽሑፌ ጉዳይም ይኸው ነው።

ጥያቄውን ያስነሣብኝ በትምህርት ቤቶቻችን ደጃፍ የቆመ አንድ እንግዳ ነው። ስሙ «ዓለም አቀፍ ዜግነትና ዘላቂ ልማት» ይባላል። የተባበሩት መንግሥታት አባል አገሮች እ.ኤ.አ. በመስከረም 2015 ካጸደቋቸው 17 የዘላቂ ልማት ግቦች መካከል አራተኛው ስለ ትምህርት ይናገራል። በእርሱ ሥር የተጻፈው ሰባተኛው ንዑስ ግብ ተማሪዎች ሁሉ እስከ 2030 ድረስ ስለ ዘላቂ ልማት፣ ስለ ሰብአዊ መብት፣ ስለ ሰላም፣ ስለ ዓለም አቀፍ ዜግነትና ስለ ባህል ብዝኃነት ዕውቀት እንዲያገኙ ይጠይቃል። ለእነዚሁ የልማት ግቦች ገንዘቡ ከየት ይምጣ ተብሎ የተመከረበት ትልቁ ጉባኤ የተካሄደው ከዚያ ሁለት ወር ቀደም ብሎ፣ በሐምሌ 2007 ዓ.ም.፣ እዚሁ አዲስ አበባ ላይ ነበር። እንግዲህ እንግዳው ቤታችንን ያውቀዋል ማለት ነው። እኛስ እናውቀዋለን? አዲስ ነገርስ ይዞልን መጥቷል?

በበኩሌ መልሱን ለማግኘት ከመማሪያ መጽሐፍ በፊት መርካቶን ማንበብ ይገባል እላለሁ። ምክንያቴን በታሪክ ላስረዳ።

የአንድ ስም ግማሽ

ኢትዮጵያ የዓለም መንግሥታት ማኅበር አባል የሆነችው በመስከረም 1916 ዓ.ም. ነው። የዚያ ማኅበር መሠረተ ሐሳብ ዛሬ «ዓለም አቀፍ ዜግነት» ከሚባለው እጅግ የራቀ አልነበረም። አንዱ አባል ሲጠቃ ሁሉም እንደ ተጠቁ ይቆጠራል፤ ትንሹም ትልቁም በአንድ ሕግ ይዳኛል የሚል ነበር። ፋሺስት ኢጣልያ አገራችንን ስትወር ሕጉ ተፈተነ። ጠላት ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. አዲስ አበባ ገባ። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሰኔ 23 ቀን ጄኔቭ ቆመው አቤት አሉ። ማኅበሩ ግን በሳምንታት ውስጥ በኢጣልያ ላይ የጣለውን ማዕቀብ አነሣ።

በዚያው እ.ኤ.አ. በ1936 ጊዲና ቫሌ የተባሉ ሁለት ኢጣልያውያን ባለሙያዎች የአዲስ አበባን አዲስ ፕላን ነደፉ። የፕላኑ መሠረት የዘር ልዩነት ነበር፤ ነጩ በአንድ ወገን፣ «የአገሬው ተወላጅ» በሌላ ወገን እንዲኖር። ከምኒልክ ዘመን ጀምሮ በአራዳ፣ በጊዮርጊስ አጠገብ ይቆም የነበረው ታላቅ ገበያ ከስፍራው ተነቅሎ ወደ ምዕራብ እንዲሄድ ተወሰነ። አዲሱ ሰፈር አዲስ ከተማ ተባለ፤ ገበያውንም «መርካቶ ኢንዲጄኖ» አሉት፤ የአገሬው ሰዎች ገበያ ማለታቸው ነው።

እንግዲህ መርካቶ የተወለደው የዓለም ሕግ በወደቀበት ዘመን ነው ማለት ይቻላል። የተወለደውም ሰውን ከሰው ለመለየት በተሰመረ መስመር ላይ ነው። ከ1933 ዓ.ም. ድል በኋላ የሆነው ግን የሚደንቅ ነው። «ኢንዲጄኖ» የሚለው ቃል ከአፍ ወድቆ ቀረ፤ «መርካቶ» ብቻ ኖረ። ሕዝቡ የስሙን ግማሽ ጥሎ ግማሹን የራሱ አደረገው። ለማግለያ የተከለለው ስፍራም ከጉራጌውና ከስልጤው፣ ከኦሮሞው፣ ከአማራው፣ ከትግራዩ፣ ከሐረሪውና ከዶርዜው ሌላ የመናዊውና ሕንዳዊው ነጋዴ የሚገናኝበት ሆነ። ታላቁ አንዋር መስጊድና የራጉኤል ቤተ ክርስቲያን ጎን ለጎን ቆመው አዛኑና ቅዳሴው በአንድ አየር ላይ ይሰማሉ። ይህን ማንም በመማሪያ መጽሐፍ አላዘዘም።

የተራው ሥርዓት

መርካቶን የማያውቅ ሰው ሲያየው ትርምስ ይመስለዋል። የሚያውቀው ግን ሥርዓቱን ያያል። በርበሬ ተራ፣ ሸማ ተራ፣ ሸራ ተራ፣ ጎማ ተራ፣ ሚሊተሪ ተራ፣ ዱባይ ተራ፤ እያንዳንዱ ሙያ ጎረቤቱን ያውቃል፤ እያንዳንዱ ነጋዴ ከአጠገቡ ካለው ተፎካካሪ ጋር ዕድርና ዕቁብ ይጠጣል። ዕቁብ ምንድን ነው? ከሁሉ በላይ በሰው ቃል ላይ የቆመ ባንክ ነው። ዕጣው ቀድሞ የወጣለት ሰው ገንዘቡን ከወሰደ በኋላ እስከ መጨረሻው መክፈሉን የሚያስገድደው ምንድን ነው ቢሉ፣ ስሙ ነው። በመርካቶ ስም ከጠፋ ሱቅ ጠፋ።

ነጋዴው ኃላፊነቱ ከሱቁ ደጃፍ አልፎ ይሄድ እንደ ነበረ የሚያስረዳ አንድ ምሳሌ ልጨምር። በ1954 ዓ.ም. አካባቢ በአዲስ አበባ የሚኖሩ የጉራጌ ተወላጆች የመንገድ ሥራ ድርጅት አቋቁመው ነበር። መንግሥት ያላደረሰውን መንገድ ራሳችን እናድርስ ብለው ነጋዴውም፣ የመንግሥት ሠራተኛውም፣ የቀን ሠራተኛውም እንደ ዐቅሙ አዋጣ። በገንዘቡ በትውልድ አካባቢያቸው መንገድ ተቀየሰ፤ ትምህርት ቤቶችም ተሠሩ። ለገንዘቡ መዋጮ የመርካቶ ነጋዴ ድርሻ ቀላል አልነበረም። «ማኅበራዊ ተሳትፎ» የሚለው አርእስት በሥነ ዜጋ መጽሐፍ ከመታተሙ ከሠላሳ ዓመት በፊት ነው ይህ የሆነው።

ሆኖም መርካቶን ገነት አድርጌ ልስለው አልፈልግም። ኮንትሮባንዱም፣ ሐሰተኛው ሸቀጥም፣ ሚዛን መስረቁም፣ ባልነጋ ሌሊት ጭነት ተሸክሞ የሚውለው ልጅም እዚያው አለ። ለትምህርት የሚበቃውም ስለዚሁ ነው። ክፉና ደጉ የማይታይበት ቦታ ምን ሊያስተምር ይችላል?

«ምን አለሽ?»

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። ከመርካቶ ተራዎች ሁሉ ከዘላቂ ልማት ጋር የቅርብ ዝምድና ያለው ምናለሽ ተራ ነው። ስሙ «ምን አለሽ?» ከሚለው የገበያ ጥያቄ የመጣ ነው ይባላል። ወደዚያ የገባ ሰው ዓይኑ ከማየቱ በፊት ጆሮው ይሰማል፤ መዶሻው ከጠዋት እስከ ማታ አያርፍም። የዘይት በርሜል ተቀድዶና ተዘርግቶ ምድጃ ይሆናል፤ ቆርቆሮው ማንቆርቆሪያ፣ የመኪና ስፕሪንግ ማረሻና መጥረቢያ፣ ያረጀ ጎማ በረባሶ ጫማ ይሆናል። የተጣመመ ምስማር ሳይቀር ተቃንቶ እንደገና ይሸጣል።

የዚህ ሥራ እጆች ከመርካቶ ውጭም ይዘረጋሉ። በየሰፈሩ ጆንያውን አንጠልጥሎ «ቆራሌው!» እያለ የሚዞረውን ልጅ የማያውቅ የአዲስ አበባ ልጅ የለም። ጥሪው «ቆርቆሮ ያለው» ከሚለው አጥሮ የወጣ ነው። ያረጀ ልብስ ወስዶ ብርጭቆና ሳህን የሚሰጠው ልዋጭም የዚሁ ቤተሰብ ነው። ሁለቱ በየጓሮው የተጣለውን ለቅመው ባያመጡ ኖሮ የምናለሽ ተራ መዶሻ ሥራ ይፈታ ነበር።

ከዚህ ተራ ከወጡ ዕቃዎች ሁሉ በትምህርት ታሪካችን ውስጥ ትልቁን ሥራ የሠራው አንዱ ብቻ ነው፤ ኩራዝ። ከባዶ ጣሳ የተሠራች፣ በክር ፈትልና በትንሽ ላምባ የምትነድ ኩራዝ። ለአያሌ ትውልድ ተማሪ የማታ ማጥኛ መብራቱ እርሷ ነበረች። በ1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በ15 ቋንቋዎች ሕዝብ ሲያስተምር፣ በእ.ኤ.አ. 1980 ዓለም አቀፍ የማንበብና መጻፍ ሽልማት ሲያገኝ፣ ስንቱ ጎልማሳ ፊደል የቆጠረው በዚችው በወዳደቀ ጣሳ ብርሃን ይሆን? ዓለም የሸለመው ትምህርት የበራው ዓለም በጣለው ቆርቆሮ ነው።

ታዲያ የኩራዝን ሠሪ ምን ብለን ጠራነው? እዚህ ላይ የታሪካችን ቁስል ይነካል። በአገራችን ቀጥቃጩ «ቡዳ»፣ ሸማኔውና ፋቂው ሌላ ሌላ የንቀት ስም ሲሰጣቸው ኖሯል። ዳግማዊ አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሙያው መስደብን የሚከለክል አዋጅ ያስነገሩት በሽታው ሥር መስደዱን አይተው ነው። በስማቸው የሚጠራው የመጀመሪያው ዘመናዊ ትምህርት ቤት የተከፈተውም በዚያው እ.ኤ.አ. በ1908 ነበር። ሁለቱ ነገሮች አብረው ቢሄዱ ኖሮ፣ ማለትም ትምህርት ቤቱ የአዋጁን መንፈስ ወደ ክፍል ቢያስገባው ኖሮ፣ ምን እንሆን ነበር እያልሁ አስባለሁ። ትምህርት ቤቱ ግን በዋነኛነት የውጭ ቋንቋ የሚያውቅ የመንግሥት ሠራተኛ ማውጫ ሆነ፤ አዋጁም በወረቀት ቀረ። የዕውቀት ምልክት እስክሪብቶ፣ የድንቁርና ምልክት መዶሻ ሆነው ቀሩ።

በዚያ ዘመን ጉዳቱን አጥርተው ካዩት ጥቂቶች አንዱ ነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ ናቸው። እርሳቸው ካረፉ በኋላ በ1916 ዓ.ም. በታተመው «መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር» በተባለው መጽሐፋቸው፣ ዕውቀት የሌለው ሕዝብ ጥሬ ዕቃውን እየሸጠ የተሠራ ዕቃ ሲገዛ ድካሙ ሁሉ ለሌላው እንደሚሆን አስረድተዋል። የነጋዴዎች አለቃ የነበሩት እኚህ ሰው ገበያን የዓለም ሚዛን ማያ መነጽር አድርገውታል። ዛሬ «ዓለም አቀፍ ዜግነት» የምንለው ትምህርት ግማሹ ይህ ነው ብል አላጋነንሁም።

ዜጋን ለመቅረጽ

አሁን ደግሞ ትምህርት ቤቱ ዜጋን እንዴት ሊቀርጽ እንደ ሞከረ በአጭሩ እንይ። በንጉሡ ዘመን «ግብረ ገብ» ነበር፤ ታላቅን ማክበር፣ እውነት መናገር፣ ለዙፋኑ መታመን። በደርግ ዘመን «የፖለቲካ ትምህርት» መጣ፤ ተማሪው የዓለም ላብ አደሮች ወንድም መሆኑን በክፍል ይማር፣ በሰልፍም ይዘምር ነበር። ቀጥሎ ከ1986 ዓ.ም. የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ በኋላ «ሥነ ዜጋና ሥነ ምግባር» ተተካ። በአሥራ አንድ እሴቶች ላይ ተዋቀረ፤ ዴሞክራሲያዊ ሥርዓት፣ የሕግ የበላይነት፣ እኩልነት፣ ፍትሕ፣ አገር ወዳድነት፣ ኃላፊነት፣ ታታሪነት፣ በራስ መተማመን፣ ቁጠባ፣ ማኅበራዊ ተሳትፎና ዕውቀትን መሻት። ከ2010 ዓ.ም. የትምህርት ፍኖተ ካርታ ወዲህ ደግሞ ግብረ ገብ ወደ ታችኛው ክፍል ተመልሶ፣ «የዜግነት ትምህርት» ወደ ላይኛው ገብቷል።

መንግሥት ሲለወጥ መጽሐፉ ይለወጣል። ከአራቱም ያልተለወጠው የማስተማሪያው መንገድ ነው። መምህሩ ይጽፋል፤ ተማሪው ይገለብጣል፤ ፈተናው «እውነት ወይም ሐሰት» ይላል። ስለ ታታሪነት የሚገለብጠው የመርካቶ ተማሪ ከክፍሉ መስኮት ባሻገር የሚሰማውን የመዶሻ ድምፅ ከታታሪነት ጋር እንዲያያይዘው የጠየቀው ማን ነው? ስለ ቁጠባ ትርጓሜ በቃሉ የሚያጠናው ልጅ ምስማር የሚያቃናውን ሰው ምሳሌ አድርጎ ቢጽፍ ነጥብ ያገኝበታል ወይስ ይቀነስበታል?

«እንግዲያው መጽሐፉን ወደ አካባቢው እናውርደው፤ ተማሪው የሰፈሩን ሥራ ይማር» የሚል ይኖራል። ቀስ ይበል! ይህ ሐሳብ በአገራችን አንድ ጊዜ ቀርቦ እሳት አስነሥቷል። በግንቦት 1953 ዓ.ም. የአፍሪካ መንግሥታት የትምህርት ጉባኤ አዲስ አበባ ላይ ተሰብስቦ እ.ኤ.አ. እስከ 1980 ድረስ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ለሁሉም ይዳረስ ብሎ ነበር። አሥር ዓመት ሲያልፍ አገራችን ከግቡ በጣም ርቃ ተገኘች። መፍትሔ ይሆናል ተብሎ የተዘጋጀው «ሴክተር ሪቪው» የተባለው ጥናት ለብዙኃኑ ልጅ አራት ዓመት የሚፈጅ፣ ከኑሮውና ከአካባቢው ጋር የተሳሰረ መሠረታዊ ትምህርት ይበቃል የሚል ሐሳብ አመጣ። በወረቀት ሲያዩት ለአገሪቱ ዐቅም የሚስማማ ይመስላል። ሕዝቡ ግን ሌላ ነገር አነበበበት። የድሃ ልጅ በአራተኛ ክፍል ቆሞ ወደ ማረሻውና ወደ መዶሻው ይመለስ፤ የጌታ ልጅ ዩኒቨርሲቲ ይግባ ማለት ነው አለ። የካቲት 11 ቀን 1966 ዓ.ም. መምህራን ሥራ አቆሙ፤ በነዳጅ ዋጋ የተማረሩት የታክሲ ነጂዎችም በዚያው ቀን አደሙ፤ ተማሪውም ወጣ። ሴክተር ሪቪው ታጠፈ፤ ከጥቂት ወራት በኋላም ዙፋኑ ራሱ ወደቀ።

ይህ ታሪክ ለዛሬው እንግዳ ትልቅ ማስጠንቀቂያ አለው። «ዘላቂ ልማት» ተብሎ የቆራሌው ልጅ ቆራሌ ሆኖ እንዲቀር፣ የባለ ሱቁ ልጅ ደግሞ ባሕር ማዶ ሄዶ «ዓለም አቀፍ ዜጋ» እንዲሆን ከተደረገ፣ ሴክተር ሪቪው በአዲስ ስም ተመለሰ ማለት ነው። መርካቶን ወደ ክፍል ማስገባት የሚጠቅመው የሁሉም ልጅ፣ የሀብታሙም የድሃውም፣ የመዶሻውን ጥበብና የመዶሻውን ሒሳብ አብሮ ሲማር ነው።

ከቆሼ በኋላ

ለመሆኑ ይህ ሁሉ ለምን ያስፈልጋል የሚል አንባቢ ቢኖር መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም.ን አስታውሰዋለሁ። የአዲስ አበባ ቆሻሻ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ የተከመረበት ቆሼ ያን ቀን ማታ ተናደ። በሥሩ ጎጆ ቀልሰው ይኖሩ የነበሩ ከ110 በላይ ሰዎች ሞቱ፤ ብዙዎቹ ሴቶችና ሕፃናት ነበሩ። ቆሻሻው የማን ነበር? የሁላችን ነበር። ሞቱ ግን የእነሱ ብቻ ሆነ። የዓለም አቀፍ ዜግነት ትምህርት ሥረ ነገሩ ከዚህ አይርቅም፤ እኔ የጣልሁት በማን ላይ ይወድቃል ብሎ መጠየቅ ነው። በአገሮች መካከልም ነገሩ ያው ነው። ሀብታሙ አገር ያቃጠለው ነዳጅ ሰማዩን ሲያሞቀው ዝናቡ የሚቀርበት ገበሬ የቦረናና የወሎ ነው።

ሕጉ አልጠፋም። በ1999 ዓ.ም. የወጣው የደረቅ ቆሻሻ አያያዝ አዋጅ ቁጥር 513 ውፍረቱ 0.03 ሚሊ ሜትርና ከዚያ በታች የሆነ ስስ የፕላስቲክ ከረጢት እንዳይመረት፣ እንዳይገባም የሚከለክል ነበር። ያ አዋጅ በወጣ በማግሥቱም ሆነ በዐሥረኛው ዓመት ፌስታሉ በየቦዩ ይንሳፈፍ እንደ ነበር ያየ ሁሉ ያውቃል። ችግኝ ተከላም ሞልቷል። ሐምሌ 22 ቀን 2011 ዓ.ም. በአንድ ቀን ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ ተተከለ ብሎ መንግሥት አስታውቋል። በየትምህርት ቤቱ የአካባቢ ጥበቃ ክበብ አለ፤ በሚኒ ሚዲያውም መፈክሩ ይነበባል። መትከል መልካም ነው፤ ግን የአንድ ቀን ሥራ ነው። የዕለት የዕለቱን ሥራ የሚሠራው ጆንያ ያነገተው ልጅ ነው፤ እርሱ በየትኛው ክበብ ተመዘገበ?

ታዲያ ምን ይደረግ? አንድ ባዶ የዘይት ጣሳ ክፍል ውስጥ ይግባ። የጂኦግራፊ መምህሩ ዘይቱ ከማሌዥያ ወይም ከኢንዶኔዥያ ደን ተመንጥሮ ከተተከለ ዘንባባ ሊሆን እንደሚችል፣ በየትኛው ባሕርና ወደብ አልፎ መርካቶ እንደ ደረሰ በካርታ ያሳይ። የሒሳብ መምህሯ የጣሳውን ዋጋ ከቆራሌው ጆንያ እስከ ምናለሽ ተራ ሱቅ ታስቆጥር፤ በየመሐሉ ማን ምን እንዳተረፈ ይታይ። የታሪክ መምህሩ የ1900ውን አዋጅ ያንሣ። የኬሚስትሪ መምህሩም አይሸፍን፤ የመኪና ባትሪ ውስጥ ያለው እርሳስና አሲድ፣ መዳብ ለማውጣት የሚቃጠለው የሽቦ ፕላስቲክ ጭስ፣ ይህን ሥራ የሚሠሩትን ሰዎች ደምና ሳንባ ምን እንደሚያደርግ ይንገር። ጓንትና ጭምብል፣ ሕክምናና የሠራተኛ መብት የሚባሉት ነገሮች የዜግነት ትምህርት የሚሆኑት ያን ጊዜ ነው። በመጨረሻም ከምናለሽ ተራ አንድ አንጋፋ ሠራተኛ ክፍል ገብተው ሲናገሩ ተማሪው ቆሞ ይቀበላቸው፤ «ጋሼ» ይበላቸው። ይህ ለባጀት ከባድ አይደለም። ከባዱ ለልማዳችን ነው።

አባቶች «ከመጠምጠም መማር ይቅደም» ይላሉ። «ዓለም አቀፍ ዜጋ» የሚለው ስም እንደ ጥምጣም የሚያምር ነው፤ ራስ ላይ ለመጠቅለልም አይከብድም። ከአዲስ ከተማ ትምህርት ቤቶች የሚወጣው ልጅ ግን ስሙን ከመሸከሙ በፊት ጎረቤቱን ማወቅ አለበት፤ መስጊዱና ቤተ ክርስቲያኑ እንዴት አብረው እንደ ኖሩ፣ ዕቁቡ በምን እንደ ጸና፣ «ኢንዲጄኖ» የሚለው ቃል እንዴት እንደ ወደቀ፣ በቆሼ የሞቱት ለምን እንደ ሞቱ። በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ሰነድ ላይ ጥገኛ ተብሎ የተጻፈው ሰው ዛሬ ጆንያ ተሸክሞ በየበራችን ይጣራል። ቃሉ ማዕረግ አግኝቷል። ማዕረጉን ለሰውየው የማድረሱ ሥራ ገና ያልተፈጸመ ነው፤ እርሱም ከክፍል ይጀመራል።